የጥንቸሎቻችን እግር ለምን ይልፈሰፈሳል?
ስለ ጨው፣ ስለ እንቁላል ቅርፊትና ስለ ሌሎች ማዕድናት



ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ጥንቸል ነው። «ደግሞ ስለ ጥንቸል ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ድሮ እንደዚያው እል ነበር። ራሽን እየሳሳ ከመጣ ወዲህ ግን እዚህ ካኩማም ሆነ ካሎቤዬ ከቤቱ ጀርባ በጣውላና በሽቦ ሳጥን ሠርቶ ሁለት ሦስት ጥንቸል የሚሞክር ቤተሰብ አይታጣም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፍየል ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፣ አንዳንዴም ከአገሬው ሰው ታጣላለች። ዶሮ እኛው የምንበላውን እህል ትሻማናለች። ጥንቸል ግን ድምፅ የላትም፣ የገበያ ትርፍራፊ ቅጠል ትበላለች፣ በ31 ቀን ገደማ ትወልዳለች፣ ስትወልድም ስድስትና ሰባት ነው።

«እኛ ጥንቸል አንበላም» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት ጥንቸል አይበሉም፤ ብዙዎቻችን እዚህም ስደት ላይ ሆነን ይህንኑ ጠብቀናል። በሙስሊም ወንድሞቻችን ዘንድ ደግሞ አብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት የተፈቀደ ነው ይላሉ። ለሽያጭ ማርባት ግን ከመብላት የተለየ ነገር ነው። የኮንጎና የቡሩንዲ ጎረቤቶቻችን ጥንቸል ሲያገኙ ደስታቸው ነው። እኔ ራሴ የማልበላውን እያረባሁ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

የገባሁበትም በችግር ነው። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ልትጀምር ስለነበር ዩኒፎርም፣ ጫማና ደብተር ያስፈልጋት ነበር። አንዲት ያረገዘች እናት ጥንቸል ከኮንጎአዊ ጎረቤቴ በዱቤ ወሰድኩ። ሰባት ወለደች፤ አንዱ በሦስተኛው ቀን ሞተ፣ ስድስቱ አደጉ። በስድስት ሳምንታቸው ጡት አስጣልኳቸውና «በደንብ ላብላቸው» ብዬ ማሽላና ፉርሽካ ብቻ መስጠት ጀመርኩ። ቅጠል ለማብቀል ውኃ ያስፈልጋል፣ ውኃ ደግሞ ከቧንቧው በወረፋና በጀሪካን ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ተውኩት። እህል ከቅጠል ይበልጣል ብዬ አሰብኩ። ማን እንደዚያ አያስብም?

መጀመሪያ አማረባቸው። በአሥረኛው ሳምንት ግን ሁለቱ የኋላ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። አንዷን ልጄ ሳጥኑን ልታጸዳ ስታነሣት «ቀጭ» አለ፤ እግሯ ተሰበረ። ልጄ አለቀሰች። እኔም አላለቀስኩም እንጂ ጫማውና ደብተሩ ከዓይኔ ፊት ሲሄድ ታየኝ።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ስሕተት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። አንድ ሰው «ካልሲየም ጎድሏቸው ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ነገር ግን መጠኑን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከአንድ ነጋዴ ላይ በላስቲክ የታሰረ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ዱቄት «ሚኒራል ነው» ተብዬ ገዛሁ። በዚያ ላይ ማጋዲ ጨው ስለመሰለኝ በመጠጥ ውኃቸው ውስጥ ጨመርኩበት። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስቱን ተቅማጥ ያዛቸው፤ አንዱ ሞተ። ዱቄቱ የከብት ማዕድን ይሁን፣ የግድግዳ ኖራ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁትን እነሆ።

አጥንቱ ከምን ይሠራል?

አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየምና በፎስፈረስ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ አይሠሩም። ጭቃ ያለ ጭድ ግድግዳ እንደማይቆም ሁሉ ማለት ነው። ገና በማደግ ላይ ያለ ጥንቸል በአንድ ኪሎ ደረቅ ምግብ ውስጥ ወደ 4 ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ፎስፈረስ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1977 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የጥንቸል አመጋገብ መመሪያ ላይ የሰፈረው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ጽሑፎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

አሁን የእኔን ማሽላና ፉርሽካ እንመዝነው። አንድ ኪሎ ማሽላ ውስጥ ያለው ካልሲየም አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከግራም ሲሶው ገደማ ነው። ፉርሽካ ትንሽ ይሻላል፣ በኪሎ አንድ ግራም ተኩል አካባቢ ነው። ፎስፈረሱ ግን ተትረፍርፏል፤ በአንድ ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ እስከ 10 ግራም ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ጥንቸሎቼ ፎስፈረስ ጠግበው ካልሲየም ተርበው ነበር። እንደዚህ ሲሆን ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲጎድል ከአጥንት እየወሰደ ይተካል። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም ስለማይሠሩ አጥንቱን እያፈረሰ እነርሱን ያቆማል። የልጄ እጅ ውስጥ ያ እግር «ቀጭ» ያለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። የኋላ እግር መጎተት ሁሉ የካልሲየም ጉዳይ አይደለም። ጥንቸል በጆሮዋ ወይም በወገቧ ብቻ ተይዛ ስትንፈራገጥ አከርካሪዋ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ስታነሡ አንድ እጃችሁ ከቂጧ ሥር ይግባ፣ ደረታችሁ ላይ ይደገፍ። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነም ትንንሾቹ እግራቸው ወደ ጎን ይበረገዳል። አንድ ብቻ ድንገት ሽባ ከሆነ አያያዙን ጠርጥሩ። ሁለትና ሦስት ሆነው ቀስ በቀስ ከደከሙ ግን ምግቡን ተመልከቱ።

ነጩ ሽንት

ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ሌላ ነገር አለ። የጥንቸል ሽንት ሲደርቅ ወለሉ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ጎረቤታችን ይህን አይተው «ኩላሊታቸው ታሟል» ብለው ቅጠል በሙሉ ከለከሏቸው። በሽታ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውም ሆነ በግ ካልሲየም ሲበላ አንጀቱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይወስድና ቀሪውን በዓይነ ምድር ያስወጣል። በሽንት የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው። ጥንቸል ግን ለየት ያለች ናት። በምግቡ ውስጥ በበዛ ቁጥር አንጀቷ የበለጠ ይወስዳል፤ የተረፈውን ደግሞ ኩላሊቷ ያጣራል። ከምትበላው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በሽንቷ ሊወጣ ይችላል። ያ ነጩ ነገር ይኸው ነው። አንዳንዴም ሽንቷ ከበላችው ቅጠል የተነሣ ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል፤ እሱም ብቻውን ደም ማለት አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ነጭ ሽንት ብቻውን አያስደነግጥ። ሁለተኛ፣ «ካልሲየም ጥሩ ነው» ተብሎ ሲበዛ ሸክሙ ሁሉ ኩላሊት ላይ ይወድቃል። ውኃ ካነሰ ደግሞ ሽንቱ እንደ ጭቃ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም ጠጠር ይሆናል። በእኛ ሙቀት፣ ቧንቧው በሚቋረጥበት ቀን፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ጥንቸል ሽንቷን እያማጠች በጥቂት በጥቂቱ የምትሸና ከሆነ፣ ሽንቱም እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ከሆነ፣ ያኔ ነው መፍራት።

የእንቁላል ቅርፊት ከሆቴሎቻችን

ካልሲየም የት ይገኛል? መጀመሪያ ከቅጠል። እኔ የናቅኩት ቅጠል ማለት ነው። የኩንዴ ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ አገራችን ኮንሶ በየእርከኑ የሚተክለው ሽፈራው፣ እነዚህ ሁሉ ከማሽላ ጋር የማይወዳደር ካልሲየም አላቸው። ምቺቻም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው እሱን ብቻ አትስጡ። ቅጠሉን ጠዋት ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ ጠውለግ እስኪል ካቆያችሁ በኋላ ስጡ። የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ የአቮካዶም ቅጠል መርዝ ስለሆነ አይቅረብ።

ቅጠል በማይበቃበት ወቅት ግን የእንቁላል ቅርፊት አለላችሁ። ቅርፊት ከመቶ 38 ያህሉ ካልሲየም ነው። ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ለእኛ ከአጥንት ዱቄት የሚሻለው፤ ፉርሽካው ፎስፈረሱን አስቀድሞ ሞልቶታልና። አጥንት ካልሲየምም ፎስፈረስም አለው፤ ማሽላና ፉርሽካ ለማያበላ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ግን ነጭ አመድ እስኪሆን ካልተቃጠለ በሽታ ያመጣል።

«እንቁላሉን ማን አየው?» አትበሉኝ። እኛ ራሳችን ባንበላው የኢትዮጵያውያን ሆቴሎች በየቀኑ ጠዋት ለእንቁላል ፍርፍር ስንት እንቁላል ይሰብራሉ! ቅርፊቱን የሚጥሉት ነው። እኔ ባዶ ጣሳ ሰጥቼ ማታ እሰበስባለሁ። አስተናጋጇ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ አሁን ራሷ ሞልታ ትጠብቀኛለች። ቅርፊቱን አጥባችሁ አሥር ደቂቃ ቀቅሉት፣ ወይም ምጣድ ላይ ደርቆ እስኪሰባበር አምሱት። ከዚያ በሙቀጫ ውቀጡት፣ በወንፊት ንፉት። ሻካራ ሆኖ እንዳይቀር፤ እንደ ጤፍ ዱቄት ይላም።

መጠኑ ይኸውና። እኔ የማዘጋጀው 10 ኪሎ ድብልቅ ነው፦ 5 ኪሎ ፉርሽካ፣ 3 ኪሎ የተከካ ማሽላ ወይም በቆሎ፣ 2 ኪሎ የሱፍ ፋጉሎ። በዚህ ላይ 100 ግራም የቅርፊት ዱቄት። ይህም የ18 ወይም የ20 እንቁላል ቅርፊት ነው። ጨው 50 ግራም። በእፍኝ አትገምቱ፤ ሱቅ ወስዳችሁ በሚዛን አስመዝኑ። ባለሱቁ ለአንድ ደቂቃ ሚዛኑን ቢያበድራችሁ አይከስርም። ፋጉሎ ካጣችሁ በፉርሽካ ተኩት፤ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ግን ለትንንሾቹ አይሆንም፣ መርዝነት አለው።

አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጥንቸል ከዚህ ከ80 እስከ 100 ግራም በቀን ይበቃዋል፤ ቅጠልና ድርቆሽ ሲጨመርለት ደግሞ ያነሰ። ድርቆሽ የግድ ነው። ማዕድኑ ሁሉ ተሟልቶ ድርቆሽ ከሌለ አንጀታቸው ይታወካል፣ እርስ በርስ ጠጉር መነጫጨትም ይጀምራሉ። ጥርሳቸውም ዕድሜ ልክ እያደገ ነው የሚኖረው፤ የፊት ጥርስ በሳምንት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። የሚያኝኩት ነገር ካጡ ጥርሱ ታጥፎ አፋቸውን ይዘጋል።

ከኬንያ መሀል አገር የሚመጣውን የፋብሪካ የጥንቸል ምግብ፣ ያን ድቡልቡሉን፣ የምትገዙ ካላችሁ ደግሞ ቅርፊትም ጨውም አትጨምሩ። ማዕድኑ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶበታል። በተሞላ ጀሪካን ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው።

ስለ ጨው

ጨው ለከብት መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን አሞሌ ሲያስልሱ አይተናል። ከቦረና የመጣችሁም ኤል ሶድ ጉድጓድ ውስጥ ወርደው ጥቁሩን የጨው ጭቃ የሚያወጡትን ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ከብቱ ያንን ካልላሰ አይወፍርም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢም «ቦሌ» የሚባለውን አፈር ያስልሳሉ። ገበሬው ላቦራቶሪ ሳያይ ያወቀው ነገር ነው፦ ሣርና እህል ሶዲየም የለውም።

ለጥንቸልም እንዲሁ። በኪሎ ምግብ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክክ ያለ ጨው፣ ይበቃል። ከዚህ በላይ ጥማት ነው። ውኃ በተቋረጠ ቀን ጨው ያለበትን ድብልቅ አትስጡ፤ ቅጠልና ድርቆሽ ብቻ ይብሉ። ይህን በሁለት መስመር አስምሩበት። ጥንቸል በልክ ውኃ ካላገኘች ምግብም ታቆማለች፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲሆን ራሱ ትሰቃያለች፣ 35 ካለፈ ደግሞ ልትሞት ትችላለች። እኛ ዘንድ 35 ማለት ጠዋት ማለት ነው። ስለዚህ ጥላ፣ እርጥብ ጆንያ በሳጥኑ ላይ፣ ውኃ ሁልጊዜ።

ማጋዲ ጨው አይደለም። ባቄላ ቶሎ እንዲበስል የምንጨምረው ማጋዲ ሶዳ ነው፤ ከማጋዲ ሐይቅ የሚወጣ። የእኔን ጥንቸሎች ሆድ ያበላሸው እሱም ሳይሆን አይቀርም። የማገዶ አመድም እንደዚሁ ነው፤ ካልሲየም አለው፣ ግን ያቃጥላል። አመድ ለሳጥኑ ሥር እንጂ ለምግብ አይሁን።

ከጨው ዓይነት ደግሞ አዮዲን ያለበትን ምረጡ። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ፤ እኔን በጣም አስደነቀኝ። በ1928 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ ቼስኒ፣ ክሎሰንና ዌብስተር የተባሉ ሐኪሞች ለሌላ ምርምር ያስቀመጧቸው ጥንቸሎች አንገታቸው ሥር እያበጠ አስቸገራቸው። እንቅርት ነበር። ጥንቸሎቹ የሚቀለቡት በብዛት ጥቅል ጎመን ነበር። ጎመን ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ሰውነት በአዮዲን እንዳይጠቀም እንደሚያግድ ቆይቶ ታወቀ። በዚህ ግኝት ምክንያት ስለ ሰው እንቅርትም ብዙ ተጠና።

እንቅርትን እኛ ከመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። በደጋው አገራችን አንገቷ ያበጠ እናት ያላየ ማን አለ? ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው ነው። እዚህ ገበያ ላይ ደግሞ ለጥንቸል በነፃ የሚገኘው የጥቅል ጎመን ውጫዊ ቅጠል ነው። ሱኩማም የጎመን ዘር ነው። ስጡ፣ አልከለክልም፣ ግን የቅጠሉ ሁሉ መሠረት እሱ አይሁን፤ ሆድም ይነፋል። አዮዲን ያለው ጨው ድብልቁ ውስጥ ካለ ሥጋቱ ይቀንሳል። ጨዉን በክዳን ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ አዮዲኑ ተንኖ ጨዉ ብቻ ይቀራል። ይህ ለልጆቻችን ወጥም ነው የሚሠራው።

ሌሎቹ ማዕድናት

ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ... ስማቸው ብዙ ነው፤ ግን በጥቂት ሚሊግራም የሚቆጠሩ ናቸው። የተለያየ ቅጠል የምትበላ ጥንቸል ከሞላ ጎደል ታገኛቸዋለች። ብረት ለምሳሌ ግልገሎቹ ከእናታቸው ሆድ በጉበታቸው ይዘው ይወለዳሉ። የአሳማ ግልገል ሲወለድ የብረት መርፌ እንደሚወጋው አይነት አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው እናትየው በእርግዝናዋ በደንብ መብላቷ ነው።

ስለ መዳብ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰማያዊውን ድንጋይ፣ የመዳብ ሰልፌት የሚባለውን፣ «ጥንቸል ያወፍራል» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ትልልቅ ርባታዎች በልክ ተጠቅመውበት ያውቃሉ። በግምት ሲሰጥ ግን መርዝ ነው። በተለይ በግ ከሁሉም እንስሳ ይልቅ በመዳብ ይሞታል፤ መዳብ የገባበት የጥንቸል ምግብ በጎረቤት በግ ፊት ቢደፋ ጠብ ያመጣባችኋል።

ማዕድን ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የልጆቻችንን ጥርስ እዩ። ያ ቡናማ ነጠብጣብ የመጣው ከፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ እዚህ ካኩማ የአንዳንድ ጉድጓዶች ውኃ ከዚያ በላይ ሆኖ ተለክቷል። በአገራችንም የወንጂ ሰዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። ፍሎራይድ በትንሹ ጥርስ ይጠብቃል፣ በብዛት ጥርስና አጥንት ያበላሻል። ካልሲየምም፣ ጨውም፣ መዳብም እንደዚያው ናቸው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ጥንቸል በዓይነ ምድር መልክ ሁለት ነገር ታወጣለች፦ ደረቁን ፍግና፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘውን ለስላሳውን። ለስላሳውን ገና ሲወጣ ከቂጧ ላይ ትበላዋለች፤ ለዚህ ነው የማታዩት። ውስጡ ፕሮቲን፣ ቪታሚንና ማዕድን አለ። እህል ውስጥ ታስሮ ያለውን ፎስፈረስ ዶሮ ልትጠቀምበት ስትቸገር ጥንቸል ግን በትልቁ አንጀቷ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ይፈቱላትና በዚህ በድጋሚ መብላቷ ታገኘዋለች። የላም ማመስኳት ዓይነት ሥራ ነው። ስትበላው ብታዩ አትምቷት፣ አትጸየፏትም።

እናቲቱን አትርሱ

ብዙዎቻችን ጥሩውን ምግብ ለሚሸጡት ለግልገሎቹ እንሰጥና እናትየውን በድርቆሽ እናሳልፋታለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የጥንቸል ወተት በጣም ወፍራም ነው፣ ካልሲየሙም ብዙ ነው። የምታጠባ እናት ከሚያድገው ግልገል ቢያንስ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ካልሲየም ያስፈልጋታል። ካላገኘች ከራሷ አጥንት ትሰጣለች። በሦስተኛው ወሊድ ላይ የምትዝለው ለዚህ ነው። እኔ ለምታጠባዋ ያንኑ ድብልቅ እንደ ልቧ እሰጣታለሁ፣ የኩንዴ ቅጠልም ጠዋትና ማታ። ግልገሎቹም በሦስት ሳምንታቸው ከእናታቸው ሳህን መቅመስ ስለሚጀምሩ እግረ መንገዳቸውን ይለማመዱታል። ጡት ባስጣልኳቸው ሰሞን ምግብ አልቀይርም፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ድንገት ወደ ማሽላ ሲያዞራቸው ነው ተቅማጡ የሚመጣው።

ቅጠሉን ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከጆንያ። አፈርና የራሳቸውን የጥንቸል ፍግ ሞልቼ፣ መሀሉ ላይ ጠጠር አድርጌ፣ ጎኑን እየበሳሁ ኩንዴና ሱኩማ ተከልኩ። ሳሙና የሌለበትን የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ነው የሚጠጣው። የጥንቸል ፍግ እንደ ዶሮ ኩስ ተክል አያቃጥልም፣ ሳይብላላ ቀጥታ ይገባል።

ሁለተኛዎቹ ስምንት ተወለዱ፣ ሰባት አደጉ። አንድም እግር አልተጎተተም። አራቱን ለቡሩንዲዎቹ ሸጥኩና የዱቤዬን ከፈልኩ፤ ጫማው ዘግይቶም ቢሆን ተገዛ። ያቺን እግሯ የተሰበረውን ልጄ በሁለት ቀጭን እንጨትና በጨርቅ አሰረቻት። አጥንቱ ጠሟ ገጥሟል፤ ትንሽ ታነክሳለች። አልሸጥናትም። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎጆዋ ውስጥ ጠጉሯን እየነጨች ማንጠፍ ጀምራለች፤ ልጄም ጣሳውን ይዛ ቅርፊት ልታመጣ ሆቴል ሄዳለች።